የድሮ አጫጭር ፊልሞች በድሬዳዋና በሐረር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥረን የድሮ አጫጭር ፊልሞችን ማሳየት ከጀመርን ወዲህ፣ ከድሬም ከሐረርም የሚመጣው ሰው የሚጠይቀን ጥያቄ ይመሳሰላል። በቃል እየደጋገምን ከምንመልስ እዚህ ጽፈነዋል። ዓመተ ምሕረቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የፊልም ቆርቆሮና የውጭ አገር መዝገብ ላይ የምታገኙት እሱን ስለሆነ።

«የድሮ አጫጭር ፊልም» የምትሉት የትኛውን ነው?

ትኬት ተቆርጦ ሲኒማ ቤት የሚገባበትን አይደለም። የሕንዱንም የካውቦዩንም አይደለም። ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለአንድ ጉዳይ ተብለው የተሠሩና ጉዳዩ ሲያልቅ የተጣሉ ፊልሞችን ነው።

አንደኛው ወገን ማስተማሪያ ነው፦ ጥርስ አቦራረሽ፣ የአፈር ጥበቃ፣ የወባ ትንኝ፣ የክፍል ውስጥ ሥነ ሥርዓት። በአሜሪካ ኮሮኔትና ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ፊልምስ የሚባሉት ኩባንያዎች ይህን በገፍ ያመርቱ ነበር። ሁለተኛው ዘጋቢ ፊልም ነው፤ መንግሥት፣ ሚሲዮን ወይም ኩባንያ ያሠራው። የነዳጅ ኩባንያው ሼል እንኳ ከ1934 ጀምሮ የራሱ የፊልም ክፍል ነበረው። ሦስተኛው አማተር የሚባለው ነው፤ ካሜራ የነበረው ሰው ሰርግ፣ ክርስትናና ሽርሽር የቀረጸበት። ለእኛ ከሁሉም የሚበልጥብን ይሄ ሦስተኛው ነው፤ አድልዎ ካላችሁም አድልዎ ነው።

ብዙዎቹ 10 ወይም 11 ደቂቃ ላይ የሚያልቁበት ምክንያት ቀላል ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተለመደው ጥቅል 400 ጫማ ነው፤ ይህም በሴኮንድ 24 ምስል ሲሄድ 11 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ከዚያ ካለፈ መምህሩ መብራት አብርቶ ጥቅል ሊቀይር ነው፤ እስኪቀይር ክፍሉ ይረበሻል።

እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ነገር ይታይ ነበር እንዴ?

በደንብ! የአሜሪካው የማስታወቂያ አገልግሎት፣ ሰው «ዩሲስ» የሚለው፣ ቤተ መጻሕፍትና ፊልም ይዞ በዓለም ሁሉ ይዞር ነበር፤ ኢትዮጵያም አልቀረችም። ፖይንት ፎር በሚባለው የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ስምምነት የመጡ የእርሻና የጤና ባለሙያዎችም ፊልምን እንደ ዋና የሥራ መሣሪያ ነበር የሚያዩት። በእኛ አካባቢ ከዚህ ፕሮግራም የተረፈን ትልቁ ነገር የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነው፤ በኦክላሆማ ኮሌጅ እገዛ ተቋቁሞ በጥር 1958 በንጉሠ ነገሥቱ ተመርቋል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1959 ተቋቋመ። በ1962 ደግሞ የሰላም ጓድ መምህራን በየከተማው ተበተኑ፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከፊሎቹም ትንንሽ የ8 ሚሊ ሜትር ካሜራ አንገታቸው ላይ ነበር።

የተዘዋዋሪ ሲኒማ አሠራሩ በመላው አፍሪካ ተመሳሳይ ነበር፦ መኪና፣ ጄኔሬተር፣ ፕሮጀክተር፣ ነጭ ጨርቅ፣ ከዚያ ማይክ የያዘ ሰው። የእንግሊዝኛውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ በአገሬው ቋንቋ የሚያስረዳው ይህ ሰው ነው። ፊልሙ ተገኘ ስንል የእሱ ድምፅ አብሮ አልተገኘም። ሕዝቡ በእውነት የሰማው ግን እሱን ነበር።

ስለ እጅ መታጠብ የሚያወራ የ70 ዓመት ፊልም ዛሬ አይቼ ምን አገኛለሁ?

ጆን ዊልሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሚያወራው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካናዳዊው የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪ ማርሻል ማክሉሃን ያሰራጨው ታሪክ አለ። አንድ የጤና ጥበቃ ሠራተኛ በአፍሪካ መንደር ለሚኖሩ ሰዎች ውኃ ስለሚያቁር ቆርቆሮና ስለ ግቢ ጽዳት የሚያስተምር ፊልም ይሠራል። ሆን ብሎ ዝግ ያለ ነው፤ ሰውየው ቆርቆሮውን ያነሣል፣ ውኃውን ይደፋል፣ ይደፈጥጣል። ታይቶ ሲያልቅ «ምን አያችሁ?» ተባሉ። «ዶሮ» አሉ። አዘጋጆቹ ፊልሙ ውስጥ ዶሮ መኖሩን አያውቁም! ምስል በምስል መልሰው ሲፈትሹት፣ ለአንድ ሴኮንድ ያህል በታችኛው ጥግ በኩል ዶሮ በርግጋ ታልፋለች።

ታሪኩ ለረጅም ጊዜ የተወራው «ገጠሬ ፊልም ማንበብ አይችልም» ለማለት ነው። እኛ ደግሞ ተመልካቾቹ ትክክል ነበሩ እንላለን። ውኃ መድፋት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም፤ ያልታሰበችው ዶሮዋ ናት። ዛሬ እነዚህን ፊልሞች የምናያቸው በሙሉ ለዶሮዋ ብለን ነው። ተናጋሪው ስለ ማዳበሪያ ሲያብራራ ከኋላው ያለውን ግድግዳ፣ የልጁን የፀጉር ቁርጥ፣ የእንስራውን ቅርጽ፣ ማን ጫማ እንዳለውና ማን እንደሌለው እናያለን።

አንድ ቤተሰብ ያመጣልንን የ8 ሚሊ ሜትር ጥቅል እንጥቀስ። ሐረር፣ መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ። ካሜራውን የያዘው ባል ነው፤ ሚስት መሐል መንገድ ላይ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ የተቀረጸችው እሷ ናት። ከኋላዋ ግን ሰፊዎቹ በየበራቸው በሲንገር መኪናቸው ላይ አጎንብሰዋል። አንዱ እግሩን ሳያቆም ቀና ብሎ ካሜራውን ያያል። አንዲት ሴትዮ እቃ ተሸክማ ስትመጣ ካሜራውን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ እንደዞረች ታልፋለች። ፊልሙ ሲታይ አንድ አባት ወንበራቸውን አስጠግተው «ይሄ እኮ ሁለት በር ያለው ሱቅ ነው፤ በግራ በኩል ነው ቁልፍ የሚሸጠው» አሉ። ሚስትየዋን ያያት ሰው ያለ አይመስለንም።

ስለ ድሬዳዋና ስለ ሐረር የተቀረጹት ፊልሞች የት ነው ያሉት?

አብዛኛው ውጭ ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ ግን ካወቃችሁበት ቤታችሁ ሆናችሁ የምታዩት ብዙ አለ።

የጣልያኑ ኢስቲቱቶ ሉቼ በ1924 የተቋቋመ የመንግሥት ፊልም ድርጅት ነው። የወረራውን ዘመን በሰፊው ቀርጿል፤ ክምችቱም ኢንተርኔት ላይ ይታያል። ብሪቲሽ ፓቴ የሚባለው የዜና ፊልም ቤት በ2014 ወደ 85,000 ፊልም ዩቲዩብ ላይ በነፃ ለቋል። ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ደግሞ የቤተሰብ ፊልም ብቻ የሚሰበስብ ቤተ መዛግብት አለ፤ ጣልያኖች ከአፍሪካ ይዘው የተመለሱት የአማተር ጥቅል ከሚሰበስባቸው አንዱ ነው።

ዩሲስ ያሳያቸው የነበሩት ፊልሞች ታሪክ ለብቻው ነው። በ1948 የወጣ ሕግ እነዚህ ለውጭ ሕዝብ የተሠሩ ሥራዎች አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ እንዳይሰራጩ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ድሬዳዋ ያለ ገበያተኛ ሊያየው የሚችለውን ፊልም የኦክላሆማ ገበሬ አያየውም ነበር። በ1990 ሕጉ ተሻሽሎ ከ12 ዓመት በኋላ እንዲከፈቱ ተፈቀደ፤ በ2013 ደግሞ ይበልጥ ላላ። ፊልሞቹ አሁን በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በምድብ 306 ሥር ይገኛሉ።

የአሜሪካን ትምህርት ቤት ፊልም የፈለገ የፕሬሊንገርን ክምችት ይክፈት። ሪክ ፕሬሊንገር በ1982 ማንም የማይፈልጋቸውን ማስተማሪያና ማስታወቂያ ፊልሞች መሰብሰብ ጀመረ። በ2002 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ወደ 60,000 የሚጠጋውን ክምችት ሲረከብ፣ ሲስቁበት የነበሩት ዝም አሉ። በሺዎች የሚቆጠሩት ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይወርዳሉ።

አገር ውስጥ አዲስ አበባ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ1964 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም የመጀመሪያ ዘመን ዜናውን በፊልም ነበር የሚቀርጸው። ሐረር የሸሪፍ ሙዚየም በብራና፣ በሳንቲምና በድሮ የድምፅ ቅጂ ነው የሚታወቀው። ለድምፁ ሲባል ብቻ መሄድ ያዋጣል፤ ድምፅ ከሌለው ፊልም ጎን የዘመኑን ዘፈን ስትሰሙ ነገሩ ይለወጣል።

ፈልጌ ፈልጌ ምንም አይወጣልኝም።

የከተማዋን ስም ዛሬ እንደሚጻፈው ብቻ ጽፋችሁ ይሆናል። ሐረርን አንዳንዱ በአንድ «አር»፣ አንዳንዱ በሁለት ይጽፋታል። ድሬዳዋን ጣልያኖቹ በ«ደብልዩ» ፋንታ በ«ዩ»፣ ፈረንሳዮቹ በ«ኦዩ» ነው የሚጽፏት። «አቢሲኒያ» ብላችሁም ሞክሩ። ካልሆነ የከተማ ስም ተዉና በነገሩ ሂዱ፦ ባቡር፣ አንበጣ፣ ቡና፣ ጅብ፣ ግንብ። መዝገብ ጸሐፊው ሮም ወይም ለንደን ተቀምጦ ያየውን ነው የጻፈው፤ ጀጎልን አያውቃትም፣ «በግንብ የታጠረች ከተማ» ብሎ ያልፋታል።

የጣልያን ፕሮፓጋንዳ ማሳየት ተገቢ ነው?

ብቻውን አንለቀውም። ሐረርም ድሬዳዋም በግንቦት 1936 ተያዙ። ሐረር ከዚያ በፊት በመጋቢት በአውሮፕላን ተደብድባለች። የሉቼ ካሜራ የሚያሳያችሁ ግን ሰልፉን፣ ባንዲራውንና አዲሱን መንገድ ነው፤ የመርዝ ጋዙን አታዩም። ስለዚህ ስናሳይ ድምፁን እንዘጋና አጠገቡ የሚናገር ሰው እናስቀምጣለን። ማይክ የያዘው ሰውዬ ዛሬም ሥራ አለው። ደግሞ እዚያም ቢሆን ዶሮዋ አለች፤ ለሰልፍ የተነዳው ሕዝብ መሐል የሚያዛጋ ልጅ፣ ሊያጨበጭብ ያልፈለገ ሽማግሌ።

አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው፤ ቁም ሣጥን ላይ በቆርቆሮ የተቀመጠ ፊልም ትቶልናል። ምን ላድርገው?

መጀመሪያ ፕሮጀክተር ላይ እንዳትጭነው! ጎረቤት የሚሠራ ፕሮጀክተር ቢኖረውም፣ «እስቲ አንዴ ብቻ» ቢልህም እምቢ በል። ፊልም ሲያረጅ ይኮማተራል። ከመቶ አንድ እጅ ያህል ከተኮማተረ እንኳ ቀዳዳዎቹ ከፕሮጀክተሩ ጥርስ ጋር አይገጥሙም፤ ጥርሱ እየቦደሰ ይሄዳል። ከቆመ ደግሞ መብራቱ ያቃጥለዋል። ለዓመታት የተጠበቀ ነገር በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ከዚያ ክፈተውና አሽትተው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ፣ የፊልሙ አካል የሆነው አሴቴት መበስበስ ጀምሯል፤ የሚሸተው አሴቲክ አሲድ ነው። አሲዱ ራሱ መበስበሱን ያፋጥነዋል፣ አጠገቡ ወዳለው ጤነኛ ጥቅልም ይዛመታል። ስለዚህ የሚሸተውን ከማይሸተው ለይ፤ ክዳኑንም ጥርቅም አድርገህ አትዝጋው፣ ይተንፍስ። ሽታ መጣ ማለት አበቃለት ማለት አይደለም፤ ገና ሊገለበጥ ይችላል፤ ግን ወረፋው ላይ አንደኛ ይሁን።

ስፋቱን በተማሪ ማስመሪያ ለካው። 16 ከሆነ የትምህርት ቤት፣ የመሥሪያ ቤት ወይም ገንዘብ ያለው አማተር ነው። 8 ከሆነ በአብዛኛው የቤተሰብ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ሆነው በእያንዳንዱ ምስል ወገብ ላይ ከተቀመጡ ሱፐር 8 ነውና ከ1965 ወዲህ ነው። ተለቅ ብለው በምስልና በምስል መሐል ከሆኑ የቀድሞው 8 ነው። 9 ተኩል ሆኖ ቀዳዳው መሐል ላይ ከመጣ ደግሞ የፈረንሳዮቹ ፓቴ ነው፤ ከ1922 ጀምሮ የነበረ፤ ፈረንሳይ ለበዛባት ድሬ የሚገርም አይሆንም።

ጠርዙን ይዘህ፣ ምስሉን ሳትነካ፣ የመጀመሪያውን አንድ ክንድ ያህል ወደ መስኮት ብርሃን አንሥተህ በስልክህ አጉልተህ ተመልከት። ለመጀመሪያ ቀን ይሄ ይበቃል። በቤንዚን ወይም በአልኮል ለመጥረግ አትሞክር፣ በፕላስተርም አትቀጥል።

ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ይህ ከሲኒማ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጠንቀቅ በሉ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ብዙ ጊዜ ከናይትሬት ነው የሚሠራው። ናይትሬት ሲቃጠል ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያወጣ በውኃም በአሸዋም አይጠፋም። መበስበስ የጀመረ ክምር ደግሞ ከ40 ዲግሪ ብዙም ባልራቀ ሙቀት ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ድሬዳዋ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሰኔ ላይ ማለት ነው። ጠርዙ ላይ በእንግሊዝኛ «ሴፍቲ» (በቀላሉ የማይቀጣጠል ማለት ነው) የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሬት አይደለም። ከሌለ፣ በተለይ የሚያጣብቅ ወይም ቡናማ ዱቄት የሆነ ነገር ካያችሁ፣ ሰው ከሚተኛበት ቤት አውጡት፤ ነፋስ ያለበት ጥላ ቦታ ይሁን። አውቶቡስ ላይ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ መላክማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

የ16 እና የ8 ሚሊ ሜትሩ ግን ከመጀመሪያው ሴፍቲ ሆኖ ስለተሠራ በዚህ በኩል አትጨነቁ።

ድሬ ሙቀት ነው። የት ላስቀምጠው?

ሐረር ዘመድ የለህም? እውነታችንን ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ያቺ የሙቀት ልዩነት ለፊልም ዕድሜ ናት። ጥናቶች እንደሚሉት አዲስ አሴቴት ፊልም 20 ዲግሪ አካባቢ፣ መካከለኛ እርጥበት ባለበት ቢቀመጥ ኮምጣጤው የሚጀምረው ከ40 ወይም 50 ዓመት በኋላ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ይህ ዕድሜ በፍጥነት ያጥራል።

ድሬ መቅረቱ ግድ ከሆነ ቁም ሣጥን ላይና ጣሪያ ሥር አይሁን። ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ጥግ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሻላል። ማቀዝቀዣ የሚሉ አሉ፤ እርጥበት በማያስገባ ከረጢት ድርብ አድርጎ ማሸግ ይጠይቃል፣ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ደግሞ ጤዛ ይይዛል። ለእኛ ከተማ መብራት አንመክረውም።

በ1998ቱ ጎርፍ ውኃ ገብቶበታል።

በደቻቱ ጎርፍ (በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ መጨረሻ 1998) ያን ሁሉ ሰው ላጣች ከተማ ስለ ፊልም ማውራት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን ጥያቄው ይመጣል። ያኔ ርሶ የደረቀ ጥቅል እርስ በርሱ ተጣብቆ ከሆነ በኃይል አትፈልቅቁት፤ ምስሉ ያለበት ስስ ሽፋን አብሮ ይላጣል። እንዳለ አስቀምጡት፣ ባለሙያ የሚያላቅቅበት መንገድ አለ። ለወደፊቱ ግን የረጠበ ፊልም ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቆይቶ፣ ውኃውን እየቀየሩ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደሚያውቅ ሰው ማድረስ ነው።

መቼ እንደተቀረጸ በምን አውቃለሁ?

ኮዳክ ፊልም ከሆነ ጠርዙ ላይ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን የመሳሰሉ ትንንሽ ምልክቶች አሉት። የተመረተበትን ዓመት ይናገራሉ፤ ችግሩ በየ20 ዓመቱ መደገማቸው ነው። 1942 ይሁን 1962 የምትለዩት በሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር መንገዱ ላይ አለ። እስከ 1964 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በግራ ነበር የሚነዳው፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተዛወረ። ስለዚህ በከዚራ ጥላ ሥር የሚመጣው መኪና ግራውን ይዞ ከሆነ ብዙ ነገር ተፈታላችሁ። ግን ፊልሙ ተገልብጦ እንዳይሆን አጣሩ፤ የሱቅ ታፔላ ፈልጉ፣ ፊደሉ የተገላቢጦሽ ከሆነ ምስሉ ነው የዞረው። ባቡር ካለ ጭሱን ተመልከቱ፤ የናፍታ ሎኮሞቲቭ በመስመሩ ላይ የገባው በ1950ዎቹ ነው። ከለሩም ይናገራል፦ ሁሉ ነገር ወደ ሮዝ የደበዘዘ ከሆነ የዘመኑ ተራ ከለር ፊልም ነው፤ ቀይና ሰማያዊው ትናንት የተቀባ እስኪመስል ከደመቀ ግን ኮዳክሮም የሚባለው የኮዳክ ከለር ፊልም ነው። ኮዳክሮም ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙ አይለቅም፤ በ16 ሚሊ ሜትር ከ1935 ጀምሮ አለ። ለማጠብ ወደ ልዩ ላቦራቶሪ በፖስታ ስለሚላክ ቢጫዋ ሣጥን ላይ የፖስታ ማኅተም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ከመኪናውም ከባቡሩም የሚበልጥ ማስረጃ ነው።

ድምፅ የለውም፤ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም ከሞላ ጎደል ሁሉም ድምፅ አልባ ነው። 16 ከሆነ ቀዳዳውን እዩ፤ በሁለቱም ጠርዝ ቀዳዳ ካለው ድምፅ የለውም፣ በአንዱ ብቻ ከሆነ በሌላው ጠርዝ ላይ ድምፁ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ለምንድን ነው ምስሉ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጠው?

የካሜራው ሞተር የሚጠመዘዝ ሞላ ስለሆነ። ቦሌክስ የሚባለው የስዊስ ካሜራ፣ ከአማተር መሣሪያ የተከበረው፣ አንዴ ተጠምዝዞ የሚሄደው 28 ሴኮንድ ያህል ነው። ፊልሙም ውድ ነበር፤ አንድ የ8 ሚሊ ሜትር ጥቅል ከአራት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በአራት ደቂቃ ሰርጉን፣ አማቶቹን፣ መኪናውንና የአዋሽን ድልድይ ማስገባት ያለበት ሰው ምን ያድርግ!

ዲጂታል ማድረግ እፈልጋለሁ።

ግድግዳ ላይ እያሳዩ በስልክ መቅረጽ ዲጂታል ማድረግ አይደለም፤ ፕሮጀክተሩን በተመለከተ የተናገርነውም እንዳለ ነው። የሚያስፈልገው ጥርስ የሌለው፣ ፊልሙን በጎማ እየጎተተ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ፎቶ የሚያነሣ ስካነር ነው። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው እዚያ አሠርቶ ቢያመጣ ይሻላል፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ተይዞ ይሂድ። ሲመለስ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ያልተነካካውን ትልቁን ፋይልና ለስልክ የሚሆነውን ትንሹን። ፋይሉን ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከከተማ ውጭ ይሁን። ዋናውን ጥቅል ደግሞ «ተገልብጧል» ብላችሁ እንዳትጥሉ፤ ሃርድ ዲስክ ከፊልም ቀድሞ ነው የሚሞተው።

ያልታጠበ ኮዳክሮም ካገኛችሁ ከለሩ አይወጣም፤ የመጨረሻው ላቦራቶሪ በ2010 መጨረሻ መቀበል አቁሟል። በጥቁርና ነጭ ግን ማውጣት ይቻላል።

ከኢንተርኔት አውርዶ ማሳየት ያስጠይቃል?

እንደ ፊልሙ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያሠራው በአገሩ የቅጂ መብት የለበትም። ከ1964 በፊት አሜሪካ ውስጥ የታተመና መብቱ በ28ኛው ዓመት ያልታደሰ ሥራም ነፃ ነው፤ ብዙ የትምህርት ቤት ፊልም መብቱ ያልታደሰለት ነው። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለኦዲዮቪዥዋል ሥራ 50 ዓመት ይሰጣል። ሉቼና ፓቴ ግን ክምችታቸውን ይሸጣሉ፤ ማየት ነፃ ነው ማለት ቆርጦ ማሠራጨት ነፃ ነው ማለት አይደለም።

እናቴ ቤት ውስጥ ያለ ሻሽ ትታያለች። ለሕዝብ ይታይ?

ይህን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው፤ እናትየው በሕይወት ካሉ ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። እኛ ሳንጠይቅ አናሳይም፣ ሲከለክሉንም አንከራከርም። ጎረቤት፣ ሠራተኛ፣ ሕፃን ሳለ የተቀረጸ ሰውም አለ፤ እነሱም ቤተሰብ አላቸው። የሚታየውን ቅጂ ማሳጠር ይቻላል። ዋናው ፊልም ላይ ግን መቀስ አይነሣም፤ ዛሬ ያሳፈረው ለልጅ ልጅ ብቸኛው ምስል ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌ ይዤ ልምጣ?

አቦ፣ ከፊልሙ በፊት እሳቸውን! በጊዜ አምጧቸው፣ ከፊት አስቀምጧቸው። ስናሳይ ሌላ ስልክ ወደ ተመልካቹ አዙረን ድምፅ እንቀዳለን። «ይሄ እገሌ ነው»፣ «ያ ቤት ተቃጥሏል»፣ «ይሄ ገንደቆሬ አይደለም፣ መጋላ ነው» የሚለው ክርክር ከየትኛውም መዝገብ ይበልጣል። ምስሉን ሮም ይዞታል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን እዚህ ያለ የ80 ዓመት ሰው ነው። ሁለት ሽማግሌ ካልተስማሙ ሁለቱንም ጻፉ፤ ማን እንዳለውም ጨምሩበት። ቀን ለመምረጥ ከተቸገራችሁ ኦክቶበር 27 (በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 17) ዩኔስኮ ለኦዲዮቪዥዋል ቅርስ የሰየመው ቀን ነው፤ በዓለም ዙሪያም የቤት ፊልም ቀን የሚባል አለ፣ ሰው ጥቅሉን ይዞ የሚመጣበት።

ዝጎ የተበላሸውን ቆርቆሮ ልጣለው?

መጀመሪያ ከላይ፣ ከታች፣ ከውስጥ ፎቶ አንሣው። በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም፣ የላቦራቶሪ ቁጥር፣ የባቡር ጭነት ወረቀት ሊኖር ይችላል። ወረቀቱን ለብቻው አስቀምጥ፣ ፊልሙን አየር ወደሚያስወጣ የፕላስቲክ ዕቃ አዛውር፣ ፎቶውንና ወረቀቱን በአንድ ቁጥር መዝግብ። ከዚያ ቆርቆሮውን መጣል ትችላለህ።